የኮቤ ወደብ የብርድ ወራት መብራቶች፤ አመጣጣቸውና ትርጉማቸው

በጃፓን አገር ኮቤ በምትባለው የወደብ ከተማ ሉሚናሪዬ የሚባል የመብራት በዓል በብርድ ወራት ይደረጋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዓሉ ምን ዓይነት እንደ ሆነ፣ ከምን ምክንያት እንደ ተነሣና እስከ ዛሬ ስለምን እንደ ቀጠለ ማስረዳት ነው። በ2025 በጃንዋሪ ወር ለአጭር ጊዜ ትምህርት ወደ ጃፓን ሄጄ ሳለሁ በዓሉን በዓይኔ ለማየት ዕድል ስለ ገጠመኝ፣ ያየሁትን ካነበብሁትና ጠይቄ ከተረዳሁት ጋር አስተባብሬ ለጓደኞቼና ለመምህራኖቼ አቅርቤዋለሁ።

አስቀድሜ ሁለት ነገር ላስታውቅ። አንደኛ፣ እዚህ የተጻፉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሁለተኛ፣ እኛ ክረምት ስንል ዝናብንና ጭቃን እናስባለን፤ ጃፓኖች ክረምት የሚሉት ግን ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ያለውን ደረቅና ብርዳም ወቅት ስለ ሆነ፣ እንዳያሳስት የብርድ ወራት ብዬዋለሁ።

፩. የከተማይቱ አቀማመጥና ታሪክ

ኮቤ የሂዮጎ አውራጃ ዋና ከተማ ስትሆን፣ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ሕዝብ ይኖርባታል። በሰሜን በኩል ጫፉ 931 ሜትር የሚደርሰው የሮኮ ተራራ ይጋርዳታል፤ በደቡብ በኩል የኦሳካ ባሕር ሰላጤ ይወስናታል። በተራራውና በባሕሩ መካከል ያለው ሜዳ ጠባብ በመሆኑ ከተማይቱ እንደ መቀነት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተዘርግታለች። የባቡሩም ሐዲድ፣ የመኪናውም መንገድ፣ የውኃውና የጋዙም ቧንቧ በዚሁ ጠባብ ሜዳ ላይ ያልፋሉ። አንባቢው ይህን አቀማመጥ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ ለምንናገረው ነገር ቁልፉ ይህ ነውና።

ወደቡ ጥንታዊ ነው። በ12ኛው መቶ ዓመት ታይራ ኖ ኪዮሞሪ የተባለው ኃያል መስፍን ከቻይና ጋር ለሚደረገው ንግድ ሲል ወደቡን አሠርቶ ነበር፤ በ1180ም የአገሩን መናገሻ ለጥቂት ወራት ወደዚሁ አካባቢ አዛውሮት ነበር። አዲሱ ታሪክ ግን የሚጀምረው ኮቤ ለውጭ አገር ንግድ ከተከፈተችበት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1868 ነው። ያን ጊዜ ለውጭ አገር ነጋዴዎች መኖሪያ የሚሆን ሰፈር በባሕሩ ዳር ተከለለ። ዕቅዱን ያወጣው ጆን ዊልያም ሃርት የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ሲሆን፣ መሬቱ በ126 ቦታዎች ተከፍሎ ለነጋዴዎቹ ተሰጠ። ሰፈሩ በ1899 ወደ ጃፓን መንግሥት አስተዳደር ተመለሰ፤ ቀጥ ያሉት መንገዶቹና ከፊሎቹ የድንጋይ ሕንፃዎቹ ግን እስከ ዛሬ አሉ። የመብራቱ በዓል የተወለደው በዚሁ ሰፈር ውስጥ ስለ ሆነ ስሙን መያዝ ያስፈልጋል፤ የቀድሞው የውጭ አገር ሰዎች ሰፈር ይባላል።

ወደብ ሁሉ እንግዳ ይለምዳል። በኮቤም የቻይናዎች ገበያ፣ የአውሮፓውያን ቪላዎች፣ በ1935 የተሠራና በጃፓን የመጀመሪያው የሆነ መስጊድ፣ አብያተ ክርስቲያናትም ይገኛሉ። ቡና መጠጣትን ቀድመው ከለመዱት የጃፓን ከተሞች አንዷም ኮቤ ናት። ከአገራችን የሚሄድ ሰው በአንዲት ጠባብ ቡና ቤት ገብቶ «ሞካ ሲዳሞ» እና «ሞካ ሐረር» የሚሉ ስሞች በዋጋ ዝርዝሩ ላይ ሲያገኝ፣ ፊደሉ ባዕድ ቢሆንም ቤቱ ባዕድ አይሆንበትም።

ሜዳው ስለ ጠበባቸው የከተማይቱ ሰዎች ከ1966 ጀምሮ ከኋላ ያለውን ተራራ እየናዱ አፈሩን በባሕሩ ውስጥ በመሙላት ሁለት ሰፋፊ ደሴቶች ሠሩ። የመጀመሪያው በ1981፣ ሁለተኛው በ1992 ተፈጸመ። ሕዝቡም «ተራራው ወደ ባሕር ሄደ» እያለ ይቀልድ ነበር። በነዚህ ደሴቶች ላይ በተሠሩት መድረኮች አማካይነት ኮቤ በዕቃ ሣጥን ጭነት ከዓለም ወደቦች በስድስተኛ ደረጃ ላይ ደረሰች።

፪. የጃንዋሪ 17 ቀን 1995 የመሬት መንቀጥቀጥ

ጃንዋሪ 16 ቀን 1995 ሰኞ የበዓል ዕረፍት ነበረ። በማግስቱ ማክሰኞ፣ በጃፓን ሰዓት ከጧቱ 5 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ፣ ሕዝቡ ገና ተኝቶ ሳለ መሬት ተንቀጠቀጠች። በእኛ አቆጣጠር ቀኑ ጥር 9 ቀን 1987 ዓ.ም. ነበረ። ብርቱው መንቀጥቀጥ የቆየው ሃያ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ጃፓን የምድር ቅርፊት ታላላቅ ሰሌዳዎች በሚጋፉበት ቦታ ላይ የምትገኝ አገር ናት። ግፊቱ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጠራቀም ኖሮ ዐለቱ መሸከም ሲያቅተው በአሮጌ ስንጥቅ በኩል ይላቀቃል። በዚያ ጧት የተላቀቀው ስንጥቅ ከአዋጂ ደሴት ተነሥቶ በባሕሩ ወሽመጥ ሥር አልፎ እስከ ኮቤ የሚደርስ ነበረ። መነሻው 16 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ከመሬት በታች ስለ ነበረ ጉልበቱ ሳይደክም ወደ ላይ ወጣ። ብርታቱም በጃፓን መለኪያ 7.3 ሆኖ ተመዘገበ። በአዋጂ ደሴት ላይ ኖጂማ በሚባለው ስፍራ መሬቱ ወደ ጎን ሁለት ሜትር ያህል ተንሸራትቶ የአትክልት አጥርና የእርሻ ትልም ለሁለት ተከፍለው ታይተዋል፤ ይህም ቦታ ለትምህርት እንዲሆን ጣራ ተሠርቶለት ይጠበቃል።

በመንቀጥቀጡ 6,434 ሰዎች ሞቱ፤ ከ40,000 በላይ ቆሰሉ፤ 105,000 ያህል ቤቶች ፈጽመው ፈረሱ፤ ከ300,000 በላይ ሕዝብ በትምህርት ቤቶችና በመሰብሰቢያ አዳራሾች ተጠለለ። ከ600 ሜትር የሚበልጥ በምሰሶ ላይ የተሠራ አውራ ጎዳና ወደ ጎኑ ተጋደመ። በባሕር ላይ የተሠሩት ደሴቶች አፈር ውኃ ያዘለ ስለ ነበረ በመንቀጥቀጡ እንደ ሊጥ ሆኖ ወደ ላይ ፈላ፤ የወደቡም መድረኮች ወደ ባሕር ዘመሙ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ጃፓኖች የመሬት መንቀጥቀጥን ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁ ሆነው ሳለ ይህን ያህል ሰው እንዴት አለቀ? ከሟቾቹ አብዛኞቹ የሞቱት መሬት ተከፍቶ ውጧቸው አይደለም፤ የገዛ ቤታቸው ተጭኗቸው ነው። አሮጌዎቹ የእንጨት ቤቶች የተሠሩት ዓውሎ ነፋስን ለመቋቋም ነበር። ነፋስ እንዳያነሣው ጣራው ከባድ ሸክላ በጭቃ ተነጥፎበታል፤ ግድግዳው ግን ቀላልና በሰፋፊ መስኮቶች የተከፋፈለ ነው። ለነፋስ የሚበጀው ከባድ ጣራ ለመሬት መንቀጥቀጥ ጠላት ሆነ። በ1981 የወጣውን አዲስ የሕንፃ ሥራ ደንብ ጠብቀው የተሠሩት ቤቶች ከአሮጌዎቹ ይልቅ ጸንተዋል። ከሟቾቹም ከግማሽ የሚበልጡት ከ60 ዓመት በላይ የሆናቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ነበሩ፤ በአሮጌ ቤት ውስጥ በምድር ቤት የሚተኙት እነርሱ ነበሩና።

ከፍርስራሽ ውስጥ በሕይወት ከወጡት ሰዎች አብዛኞቹን ያወጣቸው ወታደር ወይም የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሳይሆን ጎረቤትና ዘመድ ነበረ። መንገዱ ሁሉ በዚያው ጠባብ ሜዳ ላይ ተዘግቶ ስለ ነበር እርዳታ ከውጭ ቶሎ ሊደርስ አልቻለም። ማን በየትኛው ክፍል እንደሚተኛ የሚያውቅ ጎረቤት የት እንደሚቆፍር ያውቃል። በዚያው ዓመት ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ በጎ ፈቃደኞች፣ አብዛኞቹም ወጣቶች፣ ከልዩ ልዩ ቦታ እየመጡ ስላገለገሉ፣ 1995ን ጃፓኖች የበጎ ፈቃድ አገልግሎት የመጀመሪያ ዓመት ይሉታል።

፫. ጨለማውና ተመልሶ የመጣው መብራት

የሉሚናሪዬን ትርጉም ለመረዳት ከሁሉ በፊት ጨለማውን ማወቅ ያስፈልጋል። መንቀጥቀጡ እንዳቆመ ከሁለት ሚሊዮን የሚበልጡ የመብራት ደንበኞች በአንድ ጊዜ ጨለማ ውስጥ ቀሩ። በናጋታ ሰፈር፣ የጫማ መሥሪያ የሆኑ ትናንሽ ቤቶች ተጠጋግተው በቆሙበት፣ እሳት ተነሣ። የውኃው ቧንቧ ስለ ተሰበረ ሰፈሩ በእሳት ሲያልቅ ማጥፊያ ጠፋ። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች በኮቤ የነበረው ብርሃን የቃጠሎ ብርሃን ነበረ።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለእኛም ትምህርት የሚሆን ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሌት ተቀን ደክመው በአንድ ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ መብራቱን መለሱት። ነገር ግን በተተዉት ቤቶች ውስጥ የተገለበጡ የኤሌክትሪክ ማሞቂያዎች፣ የተቀጠቀጡ ገመዶች፣ በላያቸው ላይ የወደቀ ልብስና ወረቀት ነበረ። መብራቱ በመጣ ጊዜ ባለቤት በሌለበት ቤት እሳት ተነሣ። ምክንያታቸው ከታወቁት ቃጠሎዎች መካከል ከግማሽ በላይ የሆኑት ከኤሌክትሪክ የመጡ ናቸው። ሰው ሁሉ ሲናፍቀው የነበረው መብራት ራሱ አቃጣይ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ጃፓኖች ቤታቸውን ለቀው ሲሸሹ የኤሌክትሪኩን ዋና ማጥፊያ እንዲዘጉ ይማራሉ፤ መሬት ሲነቃነቅ በራሱ የሚያጠፋ መሣሪያም ሠርተዋል።

ውኃና ጋዝ ግን ለሁሉም ለመድረስ ሦስት ወር ያህል ፈጀ። ቤት ለሌላቸው 48,000 ያህል ጊዜያዊ ቤቶች ተሠሩ። የመጨረሻዎቹ ነዋሪዎች ከነዚህ ቤቶች የወጡት አምስት ዓመት ያህል ቆይተው ነው። ቤቶቹ በዕጣ ስለ ታደሉ የአንድ ሰፈር ሰው በየአቅጣጫው ተበተነ፤ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎችም ጠያቂ ሳይኖራቸው ብቻቸውን ሞተው ተገኙ። ከፍርስራሽ ያወጣቸው ጎረቤት በዚህ ጊዜ አጠገባቸው አልነበረም።

፬. የሉሚናሪዬ አጀማመር

በዚህ ሁኔታ ላይ ሳሉ የ1995 ዓመት መጨረሻ ደረሰ። ከዲሴምበር 15 እስከ 25 ቀን በቀድሞው የውጭ አገር ሰዎች ሰፈር የመብራት ሥራ ቆመ። የመብራቱን ዕቃ በስጦታ የሰጠው የኢጣልያ መንግሥት ሲሆን፣ ሥራውን ያቀዱት ቫሌሪዮ ፌስቲ የተባለው ኢጣልያዊና ሂሮካዙ ኢማኦካ የተባለው ጃፓናዊ ናቸው። የመጀመሪያው ዓመት ሥራ «ሕልምና ብርሃን» የሚል ርእስ ነበረው፤ ከዚያ ወዲህም በየጊዜው አዲስ ርእስ ይሰጠዋል። ዓላማው ሁለት ነበረ፤ ለሞቱት መታሰቢያ፣ ለተረፉት ተስፋ።

ስሙም ሥራውም ከኢጣልያ የመጣ ነው። በኢጣልያ ደቡብ ክፍል፣ በተለይም በፑልያ፣ የከተማው ጠባቂ ቅዱስ በሚከበርበት ቀን አደባባዩን በእንጨት አጥር በተደረደሩ መብራቶች የማስጌጥ ልማድ አለ። ቀድሞ በዘይት ኩራዝ ነበረ፤ ኋላ አምፖል ተተካ። ስለዚህ ኮቤ የተቀበለችው ያጌጠ አምፖል ብቻ አይደለም፤ ብርሃን የጸሎትና የበዓል ምልክት የሆነበትን ልማድ ጭምር ነው። ጃፓኖችም በበኩላቸው ለሙታን ፋኖስ የማብራት የቆየ ባህል ስላላቸው ነገሩ ባዕድ አልሆነባቸውም።

ሥራው የታሰበው ለአንድ ዓመት ብቻ ነበረ። ነገር ግን በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ያህል ተመልካች መጣ፤ ሕዝቡም እንዲደገም ጠየቀ። እንዲህ ሆኖ በየዓመቱ በዲሴምበር እስከ 2019 ቀጠለ። በ2004 የተመልካቹ ቁጥር ከአምስት ሚሊዮን በላይ ደረሰ።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ማንሣት ይቻላል። ሰው በጊዜያዊ ቤት ውስጥ በብርድ ሲቀመጥ፣ ለአሥር ቀን ለሚጠፋ መብራት ገንዘብ ማውጣት ይገባልን? እኔም ስለ በዓሉ መጀመሪያ በሰማሁ ጊዜ ይህን ጠይቄአለሁ። መልሱን ለማግኘት ሰፈሩ ያን ጊዜ ምን ይመስል እንደ ነበር ማሰብ ያስፈልጋል። የመሥሪያ ቤቶቹ ሕንፃዎች ተጎድተው፣ ከፊሎቹም እየፈረሱ ስለ ነበር፣ ከመሸ በኋላ በዚያ የሚያልፍ ሰው ጥቂት ነበረ። ሱቅ ያለው ሰው ገዢ ካልመጣለት ሱቁን አይጠግንም፤ ሱቁ ካልተጠገነ ሠራተኛው እንጀራ አያገኝም። መብራቱ ሰውን ወደ ከተማይቱ መካከል መልሶ አመጣ። በየጊዜያዊ ቤቱ ተበትነው የነበሩትም በአንድ መንገድ ላይ ተገናኙ። በእኔ አስተያየት ጥያቄው ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ መብራት ቤት አይሆንምና። ቢሆንም ሐዘንተኛን ከቤቱ አውጥቶ ከሰው ጋር የሚያቆም ነገር ከንቱ ወጪ ነው ለማለት አያስደፍርም።

፭. የመብራቱ አሠራር

ሉሚናሪዬ ሦስት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ጋለሪያ ይባላል። ይህም በነጭ ቀለም የተቀባ የእንጨት ቅስት ተከታትሎ ቆሞ፣ በብዙ አሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ባለ ቀለም ትናንሽ አምፖሎች የተሰኩበት መተላለፊያ ነው። ሰው በሥሩ ሲያልፍ አንዱ ቅስት በሌላው ውስጥ እየታየ፣ መንገዱ ከእውነተኛው ርዝመቱ የበለጠ ረጅም መስሎ ይታየዋል። ሁለተኛው ስፓሊዬራ ይባላል፤ አደባባይን በክብ የሚከብ የብርሃን አጥር ነው። ሦስተኛው ካሳ አርሞኒካ ይባላል፤ በኢጣልያ በዓላት የሙዚቃ ጓድ የሚቀመጥበትን ድንኳን መሰል ቤት የሚያስታውስ፣ ጉልላት ያለው ትንሽ ሥራ ነው። ተመልካቾች ወደዚህ እየቀረቡ የገንዘብ ሳንቲም ይጥላሉ፤ ዝግ ያለ ዜማም ይሰማል።

ቀን ቢያዩት ሥራው የተቀባ እንጨትና ገመድ ብቻ ነው፤ እውነቱን ለመናገር እምብዛም አያምርም። አመሻሹ ላይ፣ እኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት በምንለው ገደማ፣ አምፖሎቹ ሁሉ በአንድነት ሲበሩ ግን በመንገዱ ላይ ካለው ሕዝብ ሁሉ አንድ ትንፋሽ ይወጣል። ይህን ድምፅ ከመብራቱ ይልቅ አስታውሰዋለሁ።

ለወጪው የከተማውና የአውራጃው አስተዳደር፣ የንግድ ድርጅቶችና ተመልካቹ ሕዝብ ያዋጣሉ። እያንዳንዱ ተመልካች መቶ የን እንዲሰጥ ይለመን ነበር። ገንዘቡ ባነሰባቸው ዓመታት የበዓሉ ቀናት ቁጥር ተቀንሷል።

፮. የሕዝቡ አካሄድ

ብዙ ሚሊዮን ሰው በአንድ ጠባብ ሰፈር እንዲያልፍ ማድረግ ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው። በቀደሙት ዓመታት ተመልካቹ ከሞቶማቺ የባቡር ጣቢያ ወርዶ፣ በብዙ መንገዶች እየዞረ፣ አንዳንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ ተጉዞ ነበር ወደ መብራቱ የሚደርሰው። ለማያውቅ ሰው ይህ ዙሪያ ጥምጥም ከንቱ ድካም ይመስለዋል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ሰው ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሄድ፣ የሚመጣና የሚመለስ እንዳይጋጭ፣ ወረፋውም በመስቀለኛ መንገድ ላይ እየቆመ እየተለቀቀ እንዲሄድ ነው። ፖሊሶችም ከከፍታ ላይ ቆመው በድምፅ ማጉያ ሕዝቡን ይመራሉ።

ይህ ጥንቃቄ ከንቱ እንዳልሆነ ከኮቤ ጎረቤት በሆነችው በአካሺ ከተማ የደረሰው አደጋ ያስረዳል። ጁላይ 21 ቀን 2001 በባሕር ዳር የርችት በዓል ሲደረግ፣ ከባቡር ጣቢያው የሚመጣውና ወደ ጣቢያው የሚመለሰው ሕዝብ በአንድ የእግረኛ ድልድይ ላይ ተገናኝቶ 11 ሰዎች ተጨፍልቀው ሞቱ፤ ከነዚህም ዘጠኙ ሕፃናት ነበሩ። እንደ ሉሚናሪዬ ያለ የሙታን መታሰቢያ ራሱ ሰው እንዳይገድል መጠንቀቅ የአዘጋጆቹ የመጀመሪያ ግዴታ ነው።

ከ2020 እስከ 2022 በኮሮና በሽታ ምክንያት በዓሉ በተለመደው አኳኋን አልተደረገም። በተመለሰ ጊዜም ከዲሴምበር ወደ ጃንዋሪ ተዛውሮ፣ ከጃንዋሪ 19 እስከ 28 ቀን 2024 ተከበረ። ሕዝቡም በአንድ ቦታ እንዳይጠቀጠቅ ሥራው በሦስት ስፍራዎች ተከፈለ፤ እነርሱም የቀድሞው የውጭ አገር ሰዎች ሰፈር፣ ሂጋሺ ዩዬንቺ የሚባለው መናፈሻ፣ በወደቡም ዳር ያለው የሜሪኬን መናፈሻ ናቸው። በሜሪኬን መናፈሻ ጋለሪያው ያለበት ክልል የመግቢያ ክፍያ ይጠየቅበታል። እኔ ያየሁት የ2025ቱ በዓል ከጃንዋሪ 24 እስከ ፌብሩዋሪ 2 ቀን የተደረገው ነው።

በሜሪኬን መናፈሻ ከጋለሪያው ወጥቶ ጥቂት እርምጃ የተራመደ ሰው ሌላ ዓይነት መብራት ያገኛል። በመንቀጥቀጡ የፈረሰው የወደብ ዳርቻ 60 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ክፍሉ ሳይጠገን እንዳለ ተትቷል። ድንጋዩ ተሰነጣጥቆ ከፊሉ በውኃ ውስጥ ነው፤ የመንገድ መብራት ምሰሶዎቹም እንደ ዘመሙ ቆመዋል። ከአንዱ ወገን ያማረው አዲስ መብራት፣ ከሌላው ወገን የዘመመው አሮጌ ምሰሶ በአንድ ዓይን ይታያሉ። ብዙ ሰው ጋለሪያውን አይቶ በዚያው ይመለሳል። እኔ ግን ሁለቱን አብሮ ያላየ ሰው ሉሚናሪዬን አይቷል ለማለት እቸገራለሁ።

፯. በጃንዋሪ 17 ንጋት

ከሉሚናሪዬ ጋር የማይነጣጠል፣ ነገር ግን እንግዳ ብዙም የማያውቀው ሌላ ሥርዓት አለ። በሂጋሺ ዩዬንቺ መናፈሻ በየዓመቱ ጃንዋሪ 17 ቀን ሕዝቡ ከመንጋቱ በፊት ይሰበሰባል። ብዙ የቀርከሃና የወረቀት ፋኖሶች የዕለቱን ቁጥር፣ ማለት 1.17ን፣ እንዲጽፉ ሆነው መሬት ላይ ይደረደራሉ። በዚያው መናፈሻ ከ2000 ጀምሮ የማይጠፋ አንድ የጋዝ መብራት አለ፤ «የተስፋ ብርሃን» ይባላል። እሳቱ ጉዳት ከደረሰባቸው ከተሞችና ከጃፓን 47ቱ አውራጃዎች ሁሉ ተሰብስቦ በአንድነት የተቀጣጠለ ነው። አጠገቡም ከመሬት በታች በተሠራ ክፍል የሙታኑ ስም በግድግዳው ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ በአደጋው ጠንቅ ቆይተው የሞቱ ሰዎች ስምም እየተጨመረበት ይሄዳል።

እኔም ሠላሳኛው ዓመት በታሰበበት በ2025 በዚያ ንጋት ተገኝቼ ነበር። አንድ ነገር ልናገር። ከአዲስ አበባ ስነሣ የእጄን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር እንደ ሞላሁት ትቼው ነበር። ጃፓን ከእኛ በስድስት ሰዓት ትቀድማለች፤ እኛ ደግሞ ሰዓታችንን ከሌላው ዓለም በስድስት ሰዓት ለይተን እንቆጥራለን። ስለዚህ የጃፓን ሰዓትና የእኛ ሰዓት መቼም ቢሆን በአንድ ቁጥር ላይ ይውላሉ። መናፈሻው ጸጥ ሲል ሰዓቴን አየሁ፤ 5 ከ46 ይላል። በኮቤ ንጋት ሲሆን በአገሬ ገና የጥር 8 ሌሊት 5 ሰዓት ከ46 ነበረ። ቤተ ሰቦቼ በተኙበት ሰዓት እነዚህም ተኝተው ነበር ብዬ አሰብሁ። እስከዚያ ድረስ 6,434 ለእኔ ቁጥር ብቻ ነበረ።

የሕሊና ጸሎቱ ካለቀ በኋላ በአጠገቤ የቆሙ አንድ አዛውንት ፋኖሳቸው ጠፍቶባቸው ነበር። ቋንቋቸውን ስለማላውቅ ምንም ሳልናገር ሻማዬን አቀረብሁላቸው፤ ከእርሱ አቀጣጥለው ዝቅ ብለው እጅ ነሱኝ። ማንን እንዳጡ አልጠየቅሁም። ከአንድ ሳምንት በኋላ የሉሚናሪዬን መብራት ሳይ፣ ያ ሁሉ አምፖል ለእኔ የዚያች አንዲት ፋኖስ ማብራሪያ ሆነልኝ።

በዓሉ ወደ ጃንዋሪ መዛወሩ ሁለቱን ሥርዓቶች አቀራርቧል። በዲሴምበር ይደረግ በነበረበት ጊዜ ከገና ሰሞን ጌጥና ገበያ ጋር የሚደባለቅ ነበረ፤ አሁን ግን ከመታሰቢያው ቀን ጥቂት ቀናት ብቻ ይርቃል። ከኮቤ ነዋሪዎች መንቀጥቀጡን ያላዩ ወጣቶች ቁጥር እየበዛ በመሄዱ፣ ያዩትም እያረጁ በመሄዳቸው፣ ይህ መቀራረብ የሚጠቅም ይመስለኛል። በእኔ ዕድሜ ያለ የኮቤ ተማሪ አደጋውን የሚያውቀው እንደ እኔው በመስማት ብቻ ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንዳየነው የኮቤ መብራት ሦስት ነገር አስተባብሮ ይዟል፤ የሙታን መታሰቢያ፣ የተጎዳች ከተማን ሕይወት ማነቃቂያ፣ ለመጪው ትውልድም ማስጠንቀቂያ። ሦስተኛው ለእኛም ይደርሰናል። አገራችን በታላቁ ስምጥ ሸለቆ ላይ የምትገኝ ናት። በ1953 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር በካራ ቆሬና በማጀቴ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራርሶ የካራ ቆሬን ብዙ ቤቶች ጥሏል። በ2017 ዓ.ም.ም በአዋሽ ፈንታሌና በአፋር አካባቢ በተደጋጋሚ የተነሣው መንቀጥቀጥ ብዙ ሺህ ሕዝብ ከቤቱ አፈናቅሏል። ኮቤ በታሰበችበት በዚያ ጃንዋሪ የእኛም መሬት እየተንቀጠቀጠች ነበረች።

ከኮቤ ልንወስድ የሚገባን ትምህርት አምፖል ማብዛት አይደለም። ቤት የሚሠራ ሰው ጣራውን ከግድግዳው ጋር እንዲያመዛዝን፣ ቤቱን ለቆ የሚሸሽ ሰው የመብራቱን ማጥፊያ እንዲዘጋ፣ የተጎዳ ሕዝብ ሲሰፍር ጎረቤት ከጎረቤቱ እንዳይለያይ፣ የሞቱትም ስማቸው እንዲጻፍ ነው። እኔ እስከማውቀው ድረስ በማጀቴ ስማቸው በድንጋይ የተጻፈ ሙታን የሉም። ያን ጊዜ የነበሩ አዛውንቶች ግን ዛሬም በሕይወት አሉ። ከእኛ ተማሪዎች መካከል ወደዚያ ወርዶ የሚጠይቃቸው ቢገኝ፣ ይህ ጽሑፍ በከንቱ አልተጻፈም።